ግራ እጅ የሚያወጡት

ቲቸር ምናሴ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደው ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር። የመደቡት ሰዎች «ሁለት ዓመት አገልግልና እናነሣሃለን» አሉት፤ እሱም አመናቸው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይሏል ይኼ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከደብረ ብርሃን ሲመጣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትና ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ይዞ ነበር። አከራይዋ ብርድ ልብሶቹን አይታ ሳቋን መቆጣጠር ስላቃታት የበሩን ቁልፍ የሰጠችው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። እነሆ ሁለቱ ዓመት ዛሬ ሃያ ሦስት ሞልቷቸዋል፤ የመደቡት ሰዎችም ከነቃላቸው ጡረታ ወጥተዋል።

በእነዚህ ዓመታት የከተማውን ግማሽ እንግሊዝኛ አስተምሯል። የባጃጁ ሹፌር፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ ማሾ ነጋዴው፣ ጀውሃ ላይ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ጥብስ የምታቀርበው ሴትዮ ሳይቀሩ የእሱ ተማሪዎች ነበሩ። መንገድ ላይ ሲያዩት በሰላምታ ፈንታ ቀመሩን ይጮሁለታል፦ «ኦብጀክት ወደ ፊት! ሰብጀክት ወደ ኋላ! መሃል ላይ ቢ! ግሱ ሦስተኛ!» እሱም ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ያልፋል። ይህን ቀመር በቃሉ የማይወጣ ሰው በከተማው ማግኘት ይቸግራል፤ በቀመሩ ተጠቅሞ አንድ ዓረፍተ ነገር የሠራ ሰው ማግኘት ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ነገሩ ፓሲቭ ቮይስ የሚሉት ነው። እንግሊዞች አድራጊውን ወደ ጎን ትተው ወሬያቸውን በተደራጊው ሲጀምሩ የሚናገሩበት መንገድ ነው። ምናሴ የሚያስተምርበት ምሳሌም አንድ ነው፦ «ካሳ ብሮክ ዘ ዊንዶው»፤ ካሳ መስኮቱን ሰበረ። መስኮቱን ወደ ፊት ታመጣዋለህ። ካሳን ወደ ኋላ ትልከዋለህ። ነገሩ ያለፈ ስለሆነ መሃል ላይ «ዋዝ»ን ትተክላለህ። «ብሮክ»ን ሦስተኛው ቅርጿ ድረስ ታደርሳትና «ብሮክን» ትሆናለች። «ዘ ዊንዶው ዋዝ ብሮክን ባይ ካሳ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ካሳ ይህን መስኮት መስበር ከጀመረ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ እስከ ዛሬ መስታወት የገባለት መስኮት የለውም።

የተማሪዎቹ ስህተትም እንደ ካሳ ቋሚ ነው። አንዱ «ዋዝ»ን ይውጣትና «ዘ ዊንዶው ብሮክን» ብሎ ይቀመጣል። ሌላው ሦስተኛው ቅርጽ ድረስ መሄድ ይታክተውና ሁለተኛው ላይ ወርዶ «ዋዝ ብሮክ» ይላል። ሌላዋ «ባይ ሂም» ማለት ሲገባት «ባይ ሂ» ትላለች። ምናሴን የሚያሳብደው ግን «ዋዝ»ን በማይገባበት የሚሰነቅረው ነው፦ «አን አክሲደንት ዋዝ ሃፐንድ»፣ «ሂ ዋዝ ሳት ኦን ዘ ቼር»። አደጋ ተከሰተ፣ ሰውየው ወንበር ላይ ተቀመጠ ለማለት ነው። ይህን ባየ ቁጥር ቀይ እስክሪብቶውን አንሥቶ ወረቀቱ እስኪቀደድ ይሰርዛል። «ሙቀቱ የእነዚህን ልጆች ጭንቅላት አቅልጦታል» ይላል ለባልደረቦቹ። በየዓመቱ የሚመጣው ልጅ ሁሉ ለምን ያንኑ ስህተት እንደሚደግም ግን ጠይቆ አያውቅም።

እንግዲህ ስሙን ያስጠራው ቀመሩ ብቻ አይደለም። በመጣ በአራተኛው ዓመት ከላይ አንድ ሱፐርቫይዘር ወርደው ክፍሉ ገቡ። አንድ ተማሪ አስነሥተው ቢጠይቁት ጣራውን እያየ ዝም አለ። ሁለተኛው መሬቱን እያየ ዝም አለ። ሦስተኛዋ አለቀሰች። ሰውየው «ክፍሉ አይሳተፍም» ብለው ጽፈው ሄዱ። በማግሥቱ ምናሴ ሕግ አወጣ፦ እንግዳ ባለበት ጥያቄ ሲጠየቅ ሁሉም ተማሪ እጁን ያወጣል። መልሱን የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን። እሱም ከቀኞቹ መካከል እየመረጠ ይጠራል። በሚቀጥለው ዓመት ሱፐርቫይዘሩ ተመልሰው ሲመጡ ያዩት የእጅ ጫካ ነበር፤ የተጠራው ሁሉ ይመልሳል። «ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ይሳተፋል» ብለው ጻፉ፣ የምናሴንም ትከሻ መታ መታ አደረጉለት።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ተሰራጨ። የሒሳቡም መምህር ወሰደው፣ የባዮሎጂውም ወሰደው። ልጆቹም «ቀኞች»ና «ግራዎች» የሚል ስም ወጣላቸው። መስከረም ላይ ግራ የሆነ ልጅ ሰኔም ላይ ግራ ነው፤ የሚመጣውም ዓመት እንዲሁ። ግራ የገባው ግራውን ያወጣል፣ ካወጣ ወዲያ ምን ግራ ገባህ የሚለው የለም። ዘንድሮ በዘጠነኛ ሐ ከሰባ አራቱ ተማሪዎች ቀኞቹ ሃያ ሁለት ናቸው። ምናሴ የሃያ ሁለቱንም ስም ከነአባታቸው ያውቃል።

ሚስቱ ዓለምፀሐይ እንደሱው የደጋ ሰው ናት። ባሌን ብላ ከወረደች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ወባ ግን እንግድነቷን እስካሁን አልረሳላትም። ዘንድሮ ብቻ አራት ጊዜ ጥሏታል። ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ማንጎ ጥላ ሥር ተዘርግቶ ሲያራግብ እሷ ቤት ውስጥ ሁለቱን ብርድ ልብስ ደርባ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ሐኪሙ በመጨረሻ ምናሴን ለብቻው ጠርቶ «ጣፊያዋ አብጧል፣ ደሟም አልቋል» አለው። «ደጋ ካላወጣሃት ለሚመጣው መስከረም ማረጋገጫ አልሰጥህም።»

ምናሴ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ይወዳታል። ሌላ የሚወደው ነገር ቢጠየቅ አስቦ ነው የሚመልሰው፤ እሷን ግን ሳያስብ ይወዳታል። ለዝውውር አሥራ አንድ ጊዜ አመልክቶ አሥራ አንድ ጊዜ «ክፍት ቦታ የለም» ተብሏል። ዘንድሮ ግን ጣርማ በር ላይ፣ ያ ጉም ቀኑን ሙሉ የማይገለጥበት ቦታ፣ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ጡረታ ወጣ። ዝውውር በነጥብ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አገልግሎት ነጥብ አለው፣ የሐኪም ወረቀትም ትንሽ ነጥብ አለው፤ የሰው ጣፊያ ያን ያህል ከባድ ነገር አይደለምና። ዋናው ነጥብ ያለው ሱፐርቫይዘር ክፍል ገብቶ በሚሞላው ቅጽ ላይ ነው። ከቅጹ ከዘጠና በታች ያመጣ መምህር ጣርማ በርን በአውቶቡስ መስኮት እያየ ማለፍ ይችላል።

ርዕሰ መምህሩ ታምራት ሰኞ ጠዋት ከቢሮው ብቅ አለ። «ጋሽ ምናሴ፣ ሐሙስ ይመጣሉ አሉ። ያንን ካሳን አዘጋጅልን።»

ማዘጋጀት አያስፈልገውም ነበር፤ ካሳ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ቢሆንም ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ልምምድ ተደረገ። ልጆቹ እጅ ማውጣት ተለማመዱ፤ ቀኝ ፈጠን ብሎ፣ ግራ ትንሽ ዘግየት ብሎ። ብሥራት የሚባለው የቀኞች አለቃ መልሱን እንደ ቃለ ጉባኤ ደጋግሞ አነበነበ። መርጃ መሣሪያም ተዘጋጀ፤ ካርቶን ላይ የተሣለ መስኮት፣ በአጠገቡ ድንጋይ የያዘ ካሳ።

ሐሙስ ጠዋት የመጣችው ሱፐርቫይዘር ሩት የምትባል የሠላሳ ዓመት ገደማ ሴት ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቅጿን በክላሰር የያዘች። ሰላምታ ሰጥታ ወደ ኋላ ሄደች፤ ከግድግዳው ጋር ካለው ዴስክ ጫፍ ተቀመጠች። ምናሴ በልቡ «ልጅ ናት፣ በሃያ ደቂቃ ትጨርሳለች» አለ።

ትምህርቱ እንደ ዘይት ሄደ። ካሳ ሰበረ፣ መስኮቱ ተሰበረ፣ ቀመሩ በሰባ አራት አፍ ተዘመረ። ጥያቄ ተጠየቀ፣ ሰባ አራት እጅ ወጣ። «ብሥራት!» ብሥራት መለሰ። ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ የእጅ ጫካ፣ ሌላ ቀኝ፣ ሌላ መልስ። ምናሴ በአንድ ዓይኑ የሩትን እስክሪብቶ እያየ ነበር። አራተኛው ጥያቄ ላይ ሩት ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«መምህር፣ ይፈቀድልኝና እኔ አንድ ልጅ ልጥራ።»

«እንዴታ! ይቻላል።»

«ያቺ በመስኮቱ በኩል ያለችው። ሻርፓ ያደረገችው፤ ግራ እጇን ያወጣችው።»

ግራ የሚለው ቃል ሲነሣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሃምሳ ሁለት ግራ እጆች ባንድ ጊዜ ወረዱ። የተጠራችው ልጅ ቀስ ብላ ተነሣች። ስሟ ነዒማ ነው፤ አባቷ ሙሳ ከወንዙ ውሃ ጠልፎ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው። ምናሴ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር፤ ኅዳር ገብቶም ስሟን እንኳ አያውቅም።

«ዛሬ ጠዋት እናንተ ጋ ምን ተሠራ?» አለቻት ሩት፣ በአማርኛ።

ነዒማ ቀና አላለችም። «ሽንኩርት ተነቀለ።»

«ጎበዝ። እሱኑ በእንግሊዝኛ በይልኝ።»

«አኒየን... ፑልድ።»

ቀኞቹ ሳቅ ሳቅ አላቸው። የብሥራት እጅ ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረው። ምናሴም የለመደውን አደረገ። «ሲት ዳውን። እሺ ብሥራት!»

«ብሥራት ይቆየን» አለች ሩት። «እሱ ያውቀዋል። እሷን ያስተምሯት።»

በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀው ሱፐርቫይዘር የለም። ምናሴ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገና ወደ ነዒማ ሄደ። «ኦብጀክቱን ወደ ፊት...» ሲል ጀመረ። ነዒማ ከአፉ ተቀብላ ቀመሩን ሳትሳሳት እስከ መጨረሻው ዘለቀችው።

«ገባሽ?»

«አዎ ቲቸር።»

«እሺ በይ።»

«አኒየን ፑልድ።»

ቀመሩን ደገመላት፣ እሷም ደገመችለት፤ ሽንኩርቱም እንደገና ያለ «ዋዝ» ተነቀለ። ሰዓቱ ይሮጣል። በዕቅዱ መሠረት በዚህ ደቂቃ የቡድን ውይይት መጀመር ነበረበት። ምናሴ ጣርማ በር ከነጉሙ ሲርቀው ታየው፤ ዓለምፀሐይ ብርድ ልብሷን ስትጎትት ታየችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተስፋ ቆርጦ ዴስኳ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው እንደ ሰው ማውራት የጀመረው።

«ስምሽ ማነው?»

«ነዒማ።»

«ነዒማ፣ ሽንኩርቱን ማነው የነቀለው?»

«አባቴ።»

«እስቲ አባትሽን እንተወውና ‹ሽንኩርቱ ነቀለ› በይ።»

ነዒማ ሳታስበው ሳቀች። «ኧረ ቲቸር! ሽንኩርት ምን እጅ አለውና ይነቅላል?»

ክፍሉ አብሮ ሳቀ፤ ግራዎቹም ሳቁ። ምናሴም ሳቀ። «ታዲያ ምን ስትጨምሪበት ነው ነገሩ የሚቃናው?»

«ተ። ተነቀለ።»

«አየሽ፣ እኛ ይህችን ‹ተ› ከግሱ ጋር አጣብቀን አዝለናት እንሄዳለን። እንግሊዞች ግን አያዝሏትም። ከግሱ ፊት ለብቻዋ ያቆሟታል፤ ላለፈ ነገር ስሟ ‹ዋዝ› ነው። ግሱን ብቻ ይዘሽ ስትሄጂ እሷን መንገድ ላይ ጣልሻት፤ ሽንኩርቱም ራሱ ነቃይ ሆኖ አረፈው።»

ነዒማ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «ዘ አኒየን... ዋዝ ፑልድ።» ቆየት ብላ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ባይ ማይ ፋዘር!» ብላ ጨመረችበት። ፊቷ ሲበራ ምናሴ ደንግጦ አያት። ብሥራት መልስ ሲሰጥ ፊቱ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ብሥራት መልሱን ይዞት ነው የሚመጣው።

ይሄኔ ከበሩ አጠገብ አንድ እጅ ወጣ፤ ግራም ቀኝም መሆኑን ማንም ልብ አላለም። አብዱልወሃብ የሚባል ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ‹ተቀመጠ›ም እኮ ተ አለው። ‹ተከሰተ›ም አለው። ‹ሂ ዋዝ ሳት› ይባላል ማለት ነው?»

ምናሴ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በቀይ የሰረዘው፣ ወረቀት የቀደደበት፣ ሙቀት ነው ያለው ነገር ይኸው ፊቱ ቆሞ ይጠይቀዋል። ልጆቹ ጭንቅላታቸው አልቀለጠም። ተ ያዩበት ቦታ ሁሉ ዋዝ ሲተክሉ ነበር፤ ያልነገራቸውን ሕግ ራሳቸው አውጥተው በታማኝነት ሲያከብሩት ነበር። አፈረ። የዚያን ቀን የተሰማውን ዓይነት እፍረት በልጅነቱም ተሰምቶት አያውቅም።

«አይባልም» አለ። «ለምን እንደማይባል ግን... ነገ እነግራችኋለሁ።»

ደወሉ ተደወለ። የቡድን ውይይት አልነበረም፣ ማጠቃለያ አልነበረም፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ካሳም ድንጋዩን እንደያዘ ቀረ።

ሩት ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቅጿን እየሞላች ጠበቀችው። ምናሴ ፍርዱን እንደሚሰማ ሰው መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ይቀመጡ እንጂ ቲቸር። አላወቁኝም አይደል?»

ቲቸር ስትለው ገርሞት ደግሞ አያት። «ይቅርታ፣ የት እንደማውቅዎት...»

«ዘጠነኛም አሥረኛም እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። በመስኮቱ በኩል ነበር የምቀመጠው። ግራ ነበርኩ።»

ምናሴ ፊቷን መረመረ። የዚያን ዘመን ቀኞች ሁሉ መጡለት፤ ሐኪም የሆነው፣ መሐንዲስ የሆነችው፣ ባንክ የገባው። እሷን ግን ሊያገኛት አልቻለም።

«አይድከሙ፣ አያስታውሱኝም» አለች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰበት። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ስሜን አልጠሩትም። ‹ዋዝ›ን የት እንደምተክላት ያስተማረችኝ ኮሌጅ የገባሁ ጊዜ አንዲት የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ እያጠብን። የዚያን ዕለት አለቀስኩ። ለካ ቀላል ነበር።»

«ይቅር በይኝ» አለ ምናሴ። አንቺ ማለቱንም አላወቀው።

ሩት ቅጹን ወደሱ አዞረችው። «በዚህ ቅጽ መሠረት ዛሬ ያመጡት ሃምሳ ስምንት ነው። ዕቅድዎን አልተከተሉም፣ ሰዓት አልጠበቁም፣ መርጃ መሣሪያውን ረስተውታል፣ ማጠቃለያ የለም። አንዲት ልጅ አስተምረዋል። ለሱ ግን ቅጹ ላይ ቦታ አልተተወለትም።» እስክሪብቶዋን ከፈተች። «የዝውውር ማመልከቻዎን አይቻለሁ። እትዬ ዓለምፀሐይ እንዴት ናቸው?»

«ታማለች። በጣም ታማለች።»

«ስንት ያስፈልግዎታል?»

ምናሴ ምን ዓይነት ሰው ነኝ ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ ወዲያው ደግሞ የሐኪሙ ቃል ታወሰው። «ዘጠና» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ሩት ዘጠና አራት ብላ ጻፈች። «ተማሪዎች ሙሉ በሙሉ ይሳተፋሉ» ብላም አከለች፣ ማኅተሟን መታች። ሲነሡ እጁን ጨበጠችው። ከላይ የመጣ ቅጽ ሁሉ እንዴት እንደሚሞላ ምናሴ ያን ዕለት በዓይኑ አየ።

አርብ ጠዋት ዘጠነኛ ሐ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል፤ ያደረው መዝገበ ቃላቱ ላይ ነው። «ተ ያለው ሁሉ ዋዝ አይወስድም» አላቸው። «መጀመሪያ ‹በማን?› ብላችሁ ጠይቁ። ሽንኩርቱ ተነቀለ። በማን? በነዒማ አባት። መልስ ካለው ዋዝ ይገባል። ሰውየው ተቀመጠ። በማን?» ክፍሉ ሳቀ። «መልስ የለውም፣ ዋዝ አይገባም። አደጋ ተከሰተ። በማን?»

«በአላህ ነዋ!» አለ አብዱልወሃብ።

ምናሴ ትንሽ አሰበ። «እሱ ልክ ነው፤ ለፈተና ግን እንዳትጽፈው።»

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት በሕይወቱ አይረሳቸውም። ግራዎቹ ጥያቄ አበዙ። ከቤት፣ ከገበያ፣ ከመስጊድ፣ ከቤተ ክርስቲያን «ተ» ያለበትን ቃል እየለቀሙ ያመጡ ጀመር። «ተመለሰ»ን ያመጣችው ነዒማ ናት፦ «ቲቸር፣ አባቴ ከሰንበቴ ገበያ ተመለሰ ስል በማን የለውም። የተበላሸው ዘር ለነጋዴው ተመለሰ ስል ግን አለው፤ በእናቴ። ወላሂ፣ ይቺ ቃል ሁለት ቤት ነው የምትኖረው!» ምናሴ መምህራን ማረፊያ ገብቶ ይህን ለሁሉም አወራ። ከመጣ ጀምሮ ስለ ተማሪ ጥያቄ ሲያወራ የሰማው ስላልነበረ ሙቀቱ ነው ብለው አዘኑለት።

ሌላው የዝውውር ደብዳቤ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ይህኛው በአሥራ ሁለት ቀን መጣ። ጣርማ በር ሰኞ ጠዋት ሪፖርት እንዲያደርግ ይላል። ዓለምፀሐይ ደብዳቤውን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ ምናሴም አብሯት አለቀሰ፤ ደስታው እውነተኛ ነበር። ለቅሶው ግን እሷ ካቆመችም በኋላ ትንሽ ቀጠለ።

ረቡዕ ዕለት ነዒማ በክፍሉ ስም አንድ ደብተር ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ አርባ ቃል ሰብስበናል። የቸገረንን ብቻ ነው የጻፍነው። መቼ ይነግሩናል?»

ምናሴ ደብተሩን ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። ከዚያ እንደሚሄድ ነገራት። ነዒማ አዳመጠችው፤ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ሻርፓዋን አስተካከለችና እንደ ተራ ነገር ጠየቀችው።

«እሺ ቲቸር። ታዲያ ለሚመጣው ቲቸር የትኛውን እጃችንን ነው የምናወጣው?»

ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፤ መልሱንም ሊያውቅ የሚገባው እሱ ነበር። ደወል ተደውሎ አዳነው። ረቡዕና ሐሙስ የራሱን ክፍለ ጊዜ ጨርሶ የሌሎችንም ለመነ፤ አርብም ዕቃው መኪና ላይ እየተጫነ እሱ ክፍል ውስጥ ነበር። ከአርባው አሥራ አንዱን አደረሰ።

ዕቃ የጫነው አይሱዙ ከሰዓት በኋላ ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ዓለምፀሐይ ከሹፌሩ አጠገብ፣ ከባሏ ጎን ተቀምጣ የመስኮቱን መስታወት እስከ ታች አወረደችና ቅዝቃዜውን በአፍንጫዋ ሳበችው። ለዓመታት ያልነበረ ቀለም ፊቷ ላይ መጥቶ ነበር። ዞር ስትል ባሏ ቁልቁል ወደ ቆላው እያየ ነው።

«ምን ሆነህ ነው ምናሴ? ይኸው ወጣን እኮ።»

«ሃያ ዘጠኝ ቃል ቀርቷል» አላት።

ዓለምፀሐይ የምታውቀው በሽታ አንድ ነው። ደንግጣ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች፤ ቆይታ አንገቱን ዳሰሰች። ትኩሳት አልነበረውም።